ዘጠነኛው ጥያቄ

"እንቅልፍስ?" አለች ጤና መኮንኗ፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

"ኧረ ይተኛል! እንደ ግንድ ነው የሚጋደመው" አለች የልብስ ሰፊው ታላቅ እህት።

ልብስ ሰፊው የጤና ጣቢያውን ይህችን ጠባብ ክፍል ሲረግጥ አራተኛ ጊዜው ነው። ሦስቱንም ጊዜ "ጨጓራዬን" ብሎ፣ የጨጓራ ኪኒን ይዞ ወጥቷል። ጣሪያ ላይ እንዳፈጠጠ እንደሚያነጋ ለጤና መኮንኗ ማን ይንገራት? እትዬ ከተናገረች ተናገረች ነው። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ አጥባ፣ አብልታ፣ መርፌ አስይዛ ያሳደገችው እሷ ናት። ሰው ፊት "ተሳስተሻል" ይበላት? ምላሱን ይቁረጠው!

"ምግብስ?"

"እሱን እንኳ ትቶታል። የጨጓራው ነገር ነው፣ ልጄ።"

"ሥራ ላይ ሐሳብዎን መሰብሰብ ያቅትዎታል?" ጤና መኮንኗ አሁን ያየችው እሱን ነበር።

"ኧረ ተይው!" ብላ እህቱ ሳቀች። "ባለፈው ሳምንት ለአንድ መምህር ኮት ሁለት ግራ እጅጌ ቆርጦለት ቁጭ አለ። ሁለት ግራ! ሃያ ዓመት ጨርቅ የቆረጠ ሰው! የሰፈሩ መሳቂያ ሆነ እኮ።"

እሱም አብሯቸው ስቆ ነበር። ከዚያ ሱቁን ዘግቶ፣ የጨርቅ ክምሩ ላይ ፊቱን ደፍቶ አለቀሰ። ስለ እጅጌው አልነበረም። ስለ ምን እንደሆነ ግን ዛሬም አያውቀውም።

ጤና መኮንኗ ወረቀቱን ገለበጠች። ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ግን ረጋ ያለ ነው። "የመጨረሻው፣ ዘጠነኛው ነው። ባለፉት ሁለት ሳምንታት፣ ከምኖር ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?"

"ወይ ጉድ!" እህቱ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? የኔ ወንድም? እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቡም አያልፍም! በይ 'የለም' ብለሽ ጻፊ።"

ጤና መኮንኗ አልጻፈችም። ሌላ ብጣሽ ወረቀት ላይ የጨጓራ ኪኒኑን አዘዘችና ዘረጋችላት። "እናቴ፣ ይህን ከመድኃኒት ክፍል ያውጡልኝ። ሰልፉ ትንሽ ይረዝማል።"

እህቱ እያጉረመረመች ወጣች። በሩ ተዘጋ።

"አሁን እርስዎ ይመልሱልኝ።"

"አዎ" አለ ልብስ ሰፊው። "በየቀኑ። ስነሳም፣ ማሽኑ ላይ ስቀመጥም። እኔ አልጠራውም፤ እሱ ግን ይመጣል።" እንባው አመለጠው። በአርባ ሁለት ዓመቱ፣ በዚህች ወጣት ፊት ማልቀሱ አሳፈረው።

እሷ አልደነገጠችም። በራሱ ላይ ጉዳት ለማድረስ ያቀደው ነገር እንዳለ ጠየቀችው፤ እንደሌለ ነገራት። "ይሄ ድባቴ የሚባል በሽታ ነው" አለችው። "ስንፍና አይደለም። እዚሁ እናክመዋለን። ለዚሁ የማዝልዎ ኪኒን እስኪሠራ ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ቶሎ ተስፋ እንዳይቆርጡብኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጡ እናወራለን። ግን ሐሳቡ የበረታብዎ ቀን የሚጠሩት፣ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ቤት ውስጥ ያስፈልግዎታል።"

"ከእትዬ በቀር ሰው የለኝም።"

"እንግዲያው እሳቸው ይወቁ።"

እትዬ ባል ሳታገባ፣ ወጣትነቷን እሱ ላይ ጨርሳ፣ እሱ ሞት ይመኝ? "ምን አጎደልኩብህ?" እያለች ደረቷን ስትመታ ታየው። "ለሷ ጨጓራ ነው ይበሉልኝ፣ እባክዎ።"

"እኔ አልዋሻቸውም። ያለ ፈቃድዎም አልነግራቸውም።"

በሩ ተበረገደ። እህቱ ላብ በላብ ሆና ገባች። "ይኸው! ያ መድኃኒት ሰጪ ሲንቀራፈፍ ልክ ልኩን ነግሬው አመጣሁት። በል ተነሥ፣ የኔ ጌታ።" የጨጓራ ኪኒኑን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። የተጣመመ ኮሌታውንም አቃናችለት። "አይዞህ፣ ይሻልሃል። እኔ አለሁልህ።"

ለመሄድ ብድግ ብሎ ነበር፤ መልሶ ተቀመጠ። ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እትዬ፣ ቁጭ በይ" አላት። ከዚያ ወደ ጤና መኮንኗ ዞረ። "ዘጠነኛውን እንደገና ይጠይቁኝ። እሷ እየሰማች እኔ ልመልስ።"