የቁጥር አምስት ጠጅ

ሀብተሥላሴ ስለ ጠጅ ዋሽቶ አያውቅም ነበር። ስለ ሌላው ነገር እንደ ማንኛችንም ይዋሻል፤ ዕድሜውን ይቀንሳል፣ ያልደረሰበትን ለቅሶ ደርሻለሁ ይላል። ጠጅ ላይ ግን ምላሱ ዘመድ አያውቅም። በቦንጋ ለበዓል ጠጅ የሚመርጥ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያስጠራው እሱን ነው። ብርሌውን ወደ ብርሃን ያነሳል፣ ያሸታል፣ አንዴ ፉት ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ከዚያ ይፈርዳል። "ስኳር ገብቶበታል።" "ይሄ ደረቅ ነው፣ ለጥሬ ሥጋ ይሁን፤ ለዶሮው ለስለስ ያለ ፈልጉ።" አንድ ፋሲካ የገዛ ሚስቱን የወለተሥላሴን ጠጅ እንግዳ ፊት "ይሄ አይቀርብም" ብሎ መልሶባት ሦስት ሳምንት አኩርፋው ከርማለች። ከተማው ሙሉ በሙሉ ያመነው ከዚያ በኋላ ነው።

የሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት መስቀል ሲቃረብ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ ተባለና የበዓል ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ኢሳያስ ጴንጤ ነው፤ ጠጅ በአፉ አይዞርም። ጸሐፊዋ ሔርሜላ ከአዲስ አበባ ተመድባ ከመጣች መንፈቅ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ነገር በወረቀት ካልሆነ አይዋጥላትም። "ማንኛውም ነዋሪ ጠጁን ለውድድር ማቅረብ ይችላል" የሚል ማስታወቂያ ለጠፈች። ሰባት ሰው አቀረበ። አድልዎ እንዳይኖር ብላ በሰባቱም ብርሌ ላይ በፕላስተር ቁጥር ለጠፈችበት፤ የቱ የማን እንደሆነ ያለው እሷ ደብተር ላይ ብቻ ነው።

ሀብተሥላሴ ይሄን ሲሰማ ሳቀ። "ለእኔ ነው ቁጥር የሚያስፈልገኝ?" አለ። በሆዱ ግን ደስ ብሎታል። እንግዶቹ ጠጁን ቀምሰው "ማነው የመረጠው?" ማለታቸው አይቀርም። ስሙ ከቦንጋ አልፎ እንዲሰማ ሲመኝ ነው የኖረው፤ ሌላ የሚያስጠራው ነገር የለውማ።

በቀጠሮው ጠዋት ባለጠጆቹ ግቢ ውስጥ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ጠበቁ። አንዲት ሴት ብቻ ከእነሱ ራቅ ብላ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ሣሩ ላይ ተቀምጣለች። ሀብተሥላሴ ወደ አዳራሹ ሲገባ ልብ አላላትም።

አንድን ቀምሶ አለፈው። ሁለትን ፉት እንዳለ የሚስቱ መሆኑን አወቀ፤ እንደ ልማዷ ጌሾ አብዝታለች። "ጌሾው ያንቃል፣ ለእንግዳ አይሆንም" አለ፤ ፊቱ እንኳ አልተለወጠም። በየመሀሉ ገብስ ቆሎ እየቆረጠመ አፉን ያጸዳል። ሦስትም አራትም አልሆኑም።

አምስትን ፉት ብሎ ብርሌውን አላስቀመጠም። ማሩ የጫካ ነው፣ ጋኑ በወይራ በደንብ ታጥኗል፣ ጌሾው መኖሩ ይታወቃል እንጂ አይጮህም። ደግሞ ፉት አለ። እንዲህ አድርጎ አያውቅም፤ አንድ ብርሌ ሁለት ጊዜ አይቀምስም። ሦስተኛ አነሳና እስከ ጠብታው ጨለጠው። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አላፈረበትም።

"ሠላሳ ዓመት ጠጅ ቀምሻለሁ" አለ። "የጠጣሁት ግን ገና ዛሬ ነው። ስድስትንና ሰባትን አንሱልኝ።"

መስኮቱ ክፍት ነበር፤ ከሥሩ የተቀመጠችው ሴት ሁሉንም ሰማች።

ሔርሜላ ደስ ብሏት ደብተሯን ገለጠች። "ቁጥር አምስት፣ ወይዘሮ ብርቄ። ከጫካው ዳር፣ ማር የሚያመጡት ሴትዮ።"

ብርቄ ማንጆ ናት። ለማያውቅ ሰው፣ ማንጆ ማለት እዚያው ካፋ ተወልዶ፣ ያንኑ ቋንቋ እየተናገረ፣ አያቶቹ አዳኝ ስለነበሩ ብቻ "ርኩስ በልቷል" ተብሎ ከማዕድ የተገፋ ወገን ነው። ብዙ ሰው ቤቱ አያስገባውም። ከጠማው ደጅ ቆሞ በኮባ ቅጠል ይቀዳለታል እንጂ ሰው የሚጠጣበት ዕቃ አይሰጠውም። ብርቄ ለሀብተሥላሴ ቤት ስንት ዓመት ማር አመላልሳለች፤ በጓሮ በር። ኮባውን ቆርጦ ውሃ የሚሰጣት ራሱ ሀብተሥላሴ ነበር። ማሯን ወስደው ጠጅ ይጥሉበታል፣ እሷ የጣለችውን ጠጅ ግን አይጠጡም። ይሄ ከየትኛው ጭንቅላት እንደወጣ እኔን አትጠይቁኝ።

ባለፈው ወር ስለ እኩልነት አንድ ሰዓት ሙሉ ንግግር ያደረገው ኢሳያስ ጠረጴዛውን ማየት ጀመረ። "ጋሽ ሀብተሥላሴ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ምናልባት ተቻኩለው ይሆናል። እስቲ ደግመው ይቅመሱት።"

"ምኑን ይደግሙታል? ጨርሰውታል እኮ" አለች ሔርሜላ።

ሀብተሥላሴ ቀና ሲል ብርቄ ከመስኮቱ ውጭ ቆማለች። ምስጋናውን ሰምታ ተነስታ፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ታየዋለች። ልብሷ አዲስ ነው። የእሷ ጠጅ እዚያ ድግስ ላይ ከቀረበ ከዚያ ወዲያ ማንም ደጃፏ ላይ ቆሞ "እዚህ አልጠጣም" ሊል አይችልም፤ ይሄን እሱም ያውቃል። ያውቃል፤ ግን ሌላም ነገር ታየው። በዓል ሲመጣ "እንግዶቹን የማንጆ ጠጅ ያጠጣው እሱ ነው" ይባላል፣ ማን ደግሞ ይጠራዋል? ማን ከእሱ ጋር ብርሌ ይጋራል? ፈራ። በቃ፣ ፈራ፤ ሌላ ስም የለውም።

ባዶውን ብርሌ አንስቶ አፉ ላይ ደፋው። ጠብ የሚል ነገር የለም። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ።

"ኋላ ላይ ይኮመጥጣል" አለ። "ቅድም አላስተዋልኩትም።"

"ጋሼ፣ ባዶ ነው እኮ" አለች ሔርሜላ።

"ይጻፍ" አለ ኢሳያስ።

ተጻፈ። ቁጥር አምስት፣ ኮምጣጣ። ሀብተሥላሴ ፈረመበት። ቀና ሲል መስኮቱ ላይ ሰው አልነበረም።

ስድስትንና ሰባትን አስመልሶ ቀመሰ፤ ከፊተኞቹ የባሱ ናቸው። እንግዲህ ከቀሩት የሚሻለው ሁለት ነበር። ደብተሩ ሲገለጥ ወለተሥላሴ ተባለ፣ ኢሳያስም እፎይ ብሎ ቃለ ጉባኤውን ዘጋ። እንግዶቹ መጡ፣ በሉ፣ ጠጁን ግማሽ እየተዉ ቢራ አስመጡ። ማን እንደመረጠው የጠየቀ የለም። የጠየቀው ከተማው ነው፤ መልሱንም ራሱ ሰጠ፤ "የሚስቱን መረጠ።" ያ ሁሉ ዓመት የገነባው ስም በሁለት ቃል አለቀ።

ወለተሥላሴም አልተደሰተችም። "ጌሾ ማብዛቴን አንተም እኔም እናውቃለን" አለችው። "ምን ነክቶህ ነው?" ቢነግራት ያንን ብርሌ መጨለጡን መናገር ሊኖርበት ነው። ብድግ ብሎ ወጣ።

ገና መጣ፤ ማንም አልጠራውም። ጥምቀትም እንዲሁ። ቤቱ ያለውን ጠጅ ሲጠጣው አይጥመውም። ያቺ የቁጥር አምስት ጣዕም ግን ከምላሱ አልጠፋ ብላ አንገበገበችው። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ለሚስቱ እንጨት ልገዛ ነው ብሎ በጫካው መንገድ ወጣ።

ብርቄ ደጃፏን ስትጠርግ አገኛት። "ደህና አደሩ ጋሽ ሀብተሥላሴ" አለች፣ በትሕትና።

"ጠጅ አለሽ?" አለ። ይቅርታ ሊል ነበር የመጣው፤ ወይም እንዲያ ብሎ ራሱን አሳምኖ ነበር።

"አለኝ።" መጥረጊያውን አስቀመጠች። በተከፈተው በር የታጠቡ ብርሌዎች መደርደሪያ ላይ ይታያሉ፤ ለመስቀል የገዛቻቸው ይሆናሉ፣ አንዱም ላይ ጭረት የለም። እሱ ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄደ። እሷ ግን ወደ ጓሮ ዞረች፣ ኮባ ቆረጠች፣ ቅጠሉን አጥፋ ጎድጓዳ አደረገችና ቀድታ ደጅ ድረስ አመጣችለት።

ቅጠሉን አየው። ከዚያ ጠጣው። ያው ነው፤ እንደዚያን ቀን ነው።

"እንዴት ነው?" አለች።

"ብርቄ፣ እንደዚህ ያለ ጠጅ..." አለ።

"ኮምጣጣ ነው ብለው ፈርመዋል" አለችው። ቁጣ የለባትም፣ ያ ነው የባሰው። "ሲጨርሱ ቅጠሉን ከአጥሩ ማዶ ይጣሉት። ዕቃዬ እንዳይነካ።"

መጥረጊያዋን አንስታ የቆመበትን እየዞረች መጥረጓን ቀጠለች።