በሆድሽ የያዝሽብኝ አለ?

ባሏ ሁልጊዜ ጎሕ ሲቀድ የሚያቀርብላትን ጥያቄ ብሪጊታ ሃያ ዓመት ሙሉ ለዓሣ ነባሪው ሲል የሚጠይቀው ይመስላት ነበር። «በሆድሽ የያዝሽብኝ አለ?» ይላታል። «የለም» ስትለው ጦሩን አንሥቶ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። በዓሣ ነባሪ አዳኞቹ መንደር በላማሌራ ሚስቱን አስቀይሞ ከጀልባ ጫፍ ላይ የሚቆም ጦር ወርዋሪ የለም፤ ቤት የቀረ ቂም ከጦሩ ገመድ ጋር ተጠምጥሞ እግሩን ይጠልፈዋል ተብሎ ይፈራል። ባሏን ላምበርቱስን የወሰደው ገመዱ ነበር።

ለቅሶው ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ባሕሩ አስከሬኑን ስላልመለሰ፣ በትንሿ የቀብር ሣጥን ውስጥ እንደ መንደሩ ወግ በእሱ ፈንታ የተኛው ጥምዝ የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ነው። የመንደሩ መበለቶች በቆሎ ተሸክመው እየገቡ፣ ልጆቻቸውን ያሳደገው ሟቹ ያካፈላቸው የዓሣ ነባሪ ሥጋ መሆኑን በሹክሹክታ ይነግሯታል። እሷ አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። እሷና ባሏ የተጣሉትም በዚያው ሥጋ ነበር። ተራራ ወጥታ በበቆሎ የምትለውጠውን የደረቀ የሥጋ ድርሻ ሳያማክራት ለመበለቶቹ አከፋፍሎት፣ ባዶ ቅርጫት ታቅፋ ቀረች። በማግሥቱ እንደ ልማዱ ሲጠይቃት «ዓሣ ነባሪውን ጠይቀው» አለችው። ጦሩን አስቀምጦ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ። ከባሕሩ ዳር ጩኸት ተሰማ፤ ጀልባዋ ስትገፋ ጓደኞቹ ስሙን ጠሩት። ዞር ብሎ አይቷት ሄደ።

የጀልባዋ አለቃ ሽማግሌው ጎሪስ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ነገ የሟቹ ታናሽ ወንድም ቦና በጀልባዋ ጫፍ ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ቀን የካደችውን እንደገና ጠየቃት፦ ቤቱ ውስጥ ቅያሜ ነበር ወይ?

«አባባ ጎሪስ፣ ተዋት እንጂ» አለ ቦና። «ወንድሜ እንደሆነ ሚስቱን ሲያሞግስ አሰልችቶን ነው የሞተው። የዚያን ቀን ባሕር ላይ ምን አለን መሰለህ? ‹ብሪጊታ መርቃ ሸኝታኛለች፤ ዛሬ ብስት የገዛ እጄ ጥፋት ነው።›»

ብሪጊታ አሁን ገባት። ላምበርቱስ ከባሕር ባይመለስ እሷን ሊጠይቁ እንደሚመጡ አውቆ፣ አስቀድሞ ተከላክሎላት ነበር።

«ዋሽቷችኋል» አለች። «ጠይቆኝ ነበር። ‹የለም› አላልኩትም።»

ቦና ቀና ብሎ አላያትም። ጎሪስ ቤቱና ጀልባዋ በጸበል ሳይታጠቡ ማንም ወደ ባሕር እንዳይወጣ አዘዘ። የዓሣ ነባሪው ወቅት ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውታል፤ ከመበለቶቹ አንዷ በቆሎዋን መልሳ ተሸከመች።

ሣጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ብሪጊታ ወደ ቅርፊቱ ጎንበስ ብላ «የለም» አለችው።