ጎል አግቢው

"ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም!" አሉ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን፣ በአቶ ደሞዝ ሳሎን መሐል እንደተገተሩ።

"ኧረ በሞቴ አረፍ በሉ" አለች የአቶ ደሞዝ ባለቤት እናትዓለም። ሽማግሌ ግን ወጉን ይጠብቃል። መሪጌታ ተከራያቸው ብሩክ ልኳቸው ነው የመጡት፤ አብረዋቸው የቆሙት አቶ ገድሉ ደግሞ ብሩክ የሚጫወትበት የማዕበል ቡድን መሪ ናቸው።

"ልጅዎን ሔራንን ለልጃችን ለብሩክ ይስጡልን።"

አቶ ደሞዝ ስሙን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የፋብሪካው መካኒክ ናቸው፤ የፋብሪካው ቡድን ሲሸነፍ ራት አይበሉም። ዘንድሮ የባሕር ዳርን ዋንጫ ማዕበል ወሰደባቸው፤ ያውም በብሩክ ጎል።

"ከአዲስ አበባ ኮከብ ሰብስቦ ዋንጫ ማንሳት ድል ነው?"

"እኛ የመጣነው ለጋብቻ ነው" አሉ አቶ ገድሉ።

"መጀመሪያ ይኼ ይለይለት። መሪጌታ፣ እርስዎ ይመስክሩ። የዋንጫው ዕለት ከጎኔ አልነበሩም?"

"ነበርሁ።"

"ምን አሉ?"

መሪጌታ ያን ዕለት ለፋብሪካው ሲጮኹ ውለው፣ ማሕሌቱ ላይ ድምፃቸው ተዘግቶ መቋሚያ ብቻ ሲያወዛውዙ ያደሩ ሰው ናቸው። መዋሸት አማራቸው፤ አልሆነላቸውም።

"ዘረፉን አልሁ።"

አቶ ገድሉ እግራቸውን ረገጧቸው። "ኮከብም እኮ ሮጦ ነው የሚያሸንፈው! ጎል በስም አይገባም!"

"ዋንጫውም አይገባችሁም!"

በዚህ መሐል የአቶ ገድሉ ስልክ ጮኸ። ሊያጠፉት ሲጣደፉ ድምፅ ማጉያውን ነኩት።

"ጋሼ፣ እሺ አሉ?" የብሩክ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው።

"ደሞዝ ነኝ" አሉ አባት ወደ ስልኩ ጎንበስ ብለው። "እስቲ በእውነት ንገረኝ፤ ዋንጫው ይገባችኋል?"

'አይገባንም በል፣ አንተ ልጅ!' ይላሉ መሪጌታ በልባቸው። አንዲት ቃል ብትወጣው ልጅቷ የእሱ ናት።

"ይገባናል እንጂ ጋሼ! ያገባሁት እኔ አይደለሁ?"

"ገና አላገባህም!" አሉ አቶ ደሞዝ።

ከመጋረጃው ጀርባ የሔራን ሳቅ አመለጠ። እናቷም ተከተለች። አቶ ደሞዝ ሳቃቸውን ለመዋጥ ሲታገሉ ቆዩና ተሸነፉ። ልጃቸው እንዲህ ስትስቅ ከሰሟት ቆይተዋል፤ ደስ አላቸው፤ ደስ ስላላቸውም ተናደዱ።

"ግትር ነው" አሉ ስልኩ ሲዘጋ።

"ሔራንን ለማግኘት እንኳ አልዋሸም" አሉ መሪጌታ ቀስ ብለው።

አቶ ደሞዝ አገጫቸውን አሻሹ። "ከእናንተ ጋር ያለው ውል መቼ ነው የሚያልቀው?"

"ሰኔ" አሉ አቶ ገድሉ ሳያስቡት።

"የእኛ ቡድን እኮ አጥቂ የለውም።"

"እንዴ! ኮከብ መሰብሰብ ነውር ነው ሲሉ አልነበር?"

"ይኼማ ዝምድና ነው! አማቼ ለእኔ ፋብሪካ ቢጫወት ማን ምን ይላል?"

መሪጌታ ወደ ላይ ቀና ብለው ፈጣሪን አመሰገኑ፤ ስለ ጋብቻው ይሁን ስለ አጥቂው እሳቸውም አልለዩትም።

"እንግዲህ ሠርጉ በጥር ቢሆን..." ብለው ጀመሩ።

"ጥር ሩቅ ነው" አሉ አቶ ደሞዝ። "የተጫዋች ምዝገባ ጥቅምት ላይ ይዘጋል። መስከረም ይሁን።"