ባለጎማው ይችላል ብዬ ነበር

ዋሽቻለሁ። እሱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በሃያ ስድስት ዓመት የኦፕሬተርነት ሥራዬ ስለ ማሽን የዋሸሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በግንቦት ወር፣ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ግቢ ውስጥ ነበር።

"ጋሽ ወልደጻድቅ፣ የአሊዩ አምባው መንገድ የጎርፍ ቱቦ ደረሰ" አለኝ ኢንጂነር ብርሃነ መስቀል። "የሲሚንቶ ነው፤ አንዱ ብቻ ሃያ አራት ኩንታል ይመዝናል። ያንተ ባለጎማ አንስቶ ያወርደዋል? ወይስ ባለሰንሰለቱን ልላክ?"

ያለን ኤክስካቫተር ሁለት ነው። ባለጎማው የኔ ነው፤ መንገድ ላይ እንደ መኪና ይነዳል፣ ጠዋት ከደብረ ብርሃን ተነስቼ ለምሳ አንኮበር እገባበታለሁ። ባለሰንሰለቱ የባልደረባዬ የጣሰው ነው። ክብደቱ የኔን እጥፍ ነው፣ ቀርፋፋ ነው፣ አንኮበር ድረስ በተጎታች ተጭኖ ከዚያ ቁልቁለቱን ሁለት ቀን እየዳኸ ነው የሚወርደው። ናፍጣ አጠጣጡንማ አታንሱት፤ ያኔ ደግሞ ናፍጣ በኩፖን ነው። ኢንጂነሩ "ባለጎማው ይበቃል" እንድለው መፈለጉ ከፊቱ ይነበባል። ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ ጠየቀኝ።

መልሱን አውቀው ነበር። ከመቀመጫዬ አጠገብ በብሎን የታሰረች ሰሌዳ አለች። ጽሑፏ የፈረንጅ ነው፣ ማናችንም አናነበውም፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው። ማሽኑ ክንዱን ሰብስቦ በቅርብ ሲያነሳ ሠላሳ ኩንታል፤ ስድስት ሜትር ሲዘረጋ አሥራ አራት። ሰውስ ቢሆን እንስራ ደረቱ ላይ አቅፎ ሲይዝና እጁን ዘርግቶ ሲይዝ እኩል ነው እንዴ? ቱቦው የሚቀበርበት የአሊዩ አምባው ቦይ ደግሞ አፉ ልል አፈር ነው፤ ማሽን አያስጠጋም። ራሴ ነኝ የቆፈርኩት። ራቅ ብሎ ቆሞ ክንድ ዘርግቶ ከማውረድ ሌላ መላ የለውም። አሥራ አራት የሚችል ሃያ አራት አያነሳም፤ ይኸው ነው።

"ይችላል" አልኩት።

ለምን እንደዋሸሁ ልንገራችሁ። ባለቤቴ በሰለች ከሞተች ሰባት ዓመቷ ነበር። ጠባሴ ሰፈር ከምትገኘው ቤቴ ስገባ የሚቀበለኝ ብርድ ብቻ ነው። ዘመኑ ደግሞ ሰው ሰውን የሚፈራበት ነው፤ ጎረቤት ከጎረቤቱ ጎን የሚቀመጠው የቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ነው። ከሰኞ እስከ እሑድ አንድ ቃል ሳልተነፍስ የከረምኩበት ጊዜ አለ። ድምፄ እንዳይጠፋ ብዬ ለራሴ ጮክ ብዬ "ወልደጻድቅ፣ ራትህን ብላ" እል ነበር። ሳቁ፣ ምን ቸገረኝ።

ቦዩን ልቆፍር በሚያዝያ አሊዩ አምባ የወረድኩ ጊዜ ግን ሰው ሆንኩ። ዓወል የሚባል ግንበኛ ነበር፤ ቱቦ ለሚገጥሙት ሠራተኞች አለቃ ሆኖ የተቀጠረ። "ድንኳን ውስጥ ምን ያሳድርሃል? ወላሂ አይሆንም!" ብሎ ከግቢው ጓዳ ለቀቀልኝ። እናቱ ኩብራ ራቴን በሳህን ትልካለች። አንድም ቀን ሥጋ አድርጋበት አታውቅም፤ የእስላም እርድ እንደማልበላ ታውቃላ። ፋሲካ እስኪደርስ ደግሞ ሑዳዴ ነው ብላ ወተቱንም ትታው ነበር። ጾሜን ከኔ በላይ ታውቀው ነበር፤ እኔማ በሰለች ካለፈች ወዲህ አርቡንም ቅዳሜውንም አንድ አድርጌዋለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ በገበያው በኩል አሥር ሰው "እንዴት ዋልክ ወልደጻድቅ?" ይለኛል። ደብረ ብርሃን አሥር ሰው በዓመትም አይለኝ። ጣሰው ከወረደ እኔ ጋራዥ ቀረሁ። ስለዚህ ይችላል አልኩ።

የመጀመሪያውን ቱቦ ልናወርድ የተሰበሰብን ቀን ያገሩ ሰው በሙሉ ወጥቶ ነበር። የወረዳው ካድሬም መጥቷል፤ መንገዱ ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ማለቅ አለበት፣ ክረምቱም ደርሷል። የማሽኑን አራት የማረጋጊያ እግሮች መሬት ላይ ተከልኩ፣ ቱቦው በሽቦ ገመድ ታሰረ፣ አነሳሁ። በቅርብ ሳለ ደህና ነው። ክንዱን ወደ ቦዩ መዘርጋት ስጀምር ግን የኋላዎቹ እግሮች ከመሬት ተላቀው ብድግ አሉ። ማሽኑ በአፍጢሙ ሊደፋ ሆነ። ቶሎ ብዬ ክንዱን ሰበሰብኩ።

ያኔ እውነቱን ልናገር ይገባኝ ነበር። ቀደመኝ አብዱልሀሚድ የሚባል ሽማግሌ። ዕድሜውን ሙሉ ሲራራ ነጋዴ ሆኖ ከቆላ ጨው በግመል ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው።

"ምን ያስደነግጣችኋል?" አለ። "የግመል ጭነት ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ምን ይደረጋል? በወዲያኛው ጎን ሰው ይንጠለጠልበታላ!" አለና እንደ ጎረምሳ ዘሎ የማሽኑ ጀርባ ላይ ወጣ። ሌላውም ተከተለው። አሥራ ሁለት ሰው ኋላዬ ተደረደረ።

አነሳሁ። እግሮቹ ስንዝር ያህል ብድግ ብለው ቆሙ። ዓወል ከቦዩ ወዲያ ጫፍ ሆኖ በእጁ ምልክት እየሰጠኝ ቱቦውን ቀስ አድርጌ አስተኛሁት። ጩኸቱ፣ እልልታው! ካድሬው ድንጋይ ላይ ወጥቶ "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ! ማሽን ያቃተውን ሰፊው ሕዝብ ቻለው!" እያለ ተናገረ።

አይ እኔ! ደስ አለኝ እኮ። አልደብቅም፣ ከሠርጌ ቀን ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማሽን ውስጥ ብቻህን ነው የምትቀመጠው፤ በሩን ከዘጋህ ሞተሩና አንተ ናችሁ። እዚያ ግን ከጀርባዬ አሥራ ሁለት ሰው ያዜማል፣ ይቀልዳል፣ "ወልደጻድቅ፣ ቀስ በል፣ ሙሽራ ነው የጫንከው!" ይለኛል። በሁለት ቀን አራት ቱቦ አስተኛን። አምስት ቀረ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አምስተኛውን ሳወርድ ቱቦው የቦዩን ጠርዝ ነካና ማሽኑ ተንገጫገጨ። በኋላ ማሳያ መስታወቱ አብዱልሀሚድ ሲወድቅ አየሁ። ወዲያው ቱቦው ከጠርዙ ሾልኮ ዷ ብሎ ወደቀ፤ ሸክሙ ሲለቀው ተነስቶ የነበረው የኋላ እግር ተመልሶ መሬቱን መታው። እግሩ ያረፈው ከሽማግሌው ራስ አንድ ስንዝር ርቀት ላይ ነው። የጥምጣሙን ጫፍ መሬት ውስጥ ቀበረው።

ሳቁ! ሽማግሌውም ጥምጣሙን ጎትቶ ነቅሎ፣ አቧራውን አራግፎ ሳቀ። "ቸኩላችሁ ልትቀብሩኝ ነው?" አለ። ሁሉም መሬት እስኪንከባለል ድረስ ሳቀ። እግሩ ወደ ራሱ ሲወርድ በመስታወቱ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ሞተሩን አጠፋሁና ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

"ምነው?" አለ ዓወል ከቦዩ ወዲያ ጫፍ እየመጣ።

"በቃ። ይሄ ማሽን ይህን ቱቦ አይችልም። ድሮም አይችልም ነበር።"

"አራቱን ማን አወረደ ታዲያ?"

"እናንተ ናችሁ ያወረዳችሁ። አብዱልሀሚድ ሊሞት ነበር እኮ፣ ዓወል!"

"አልሞተማ! ወድቆ ተነሳ። ሰው የሚሞተው ቀኑ ሲደርስ በአጀሉ ነው።"

ካድሬው መጣ። "ጓድ ወልደጻድቅ፣ የልማት ሥራ ማደናቀፍ ምን እንደሚያስከትል ታውቃለህ?" አለኝ። እንዴት አላውቅም? ግን አንዴ ቆርጫለሁ። አቀበቱን በእግሬ ወጥቼ አንኮበር ገባሁና ስልክ አስደወልኩ።

"ባለሰንሰለቱን ላክልኝ" አልኩት ኢንጂነሩን።

"ይችላል ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?"

"ዋሽቼህ ነው።"

"ለምን?" አለኝ። ምን ልበለው? "ሰው ናፍቆኝ ነው" ይባላል በስልክ? "አጥፍቻለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ጣሰው በአራተኛው ቀን ወረደ። ባለሰንሰለቱ ቱቦውን እንደ ቅርጫት አንጠልጥሎ ወሰደው፤ ንቅንቅ አላለም። አሥራ ሁለቱ ሰዎች እንደለመዱት ጀርባው ላይ ሊወጡ ሲሄዱ ጣሰው "ዞር በሉ፣ ሰው አያስፈልግም" አላቸው። ዳር ይዘው ቆሙ። አፍረው ነበር። ያሳፈርኳቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ልሄድ ስል ዓወል እጁን አልሰጠኝም። "በጉልበታችን ተማምነን አብረንህ ወጣን፤ አንተ ግን ናቅኸን" አለኝ። ልክ እንዳልሆነ ላስረዳው ሞከርኩ። ስለ ሰሌዳዋ፣ ስለ ስድስት ሜትሩ፣ ስለ አሥራ አራቱ ኩንታል ነገርኩት። "ታዲያ መጀመሪያ ለምን መጣህ?" አለኝ። ያን ሁሉ ሰው ለሞት ያጨሁት ብቸኝነት ሰልችቶኝ ነው ብል ማን ይቅር ይለኛል? ኩብራ ብቻ ደጃፏ ላይ ቆማ "አላህ በሰላም ያግባህ" አለችኝ። አቀበቱን ስወጣ ኋላዬ ባዶ ነው። መስታወቱን አሥሬ አየዋለሁ፤ መንገድና አቧራ ብቻ።

ከማሽን አውርደው የጋራዡ በር ጥበቃ አደረጉኝ። ቅር አላለኝም፣ የእጄን ነው ያገኘሁት። የተጎዳ ሰው ስለሌለ ከምን እንዳዳንኳቸው የሚያውቅ የለም። ለአደጋ ያጋለጥኳቸውም እኔው ነኝና ምስጋና አይገባኝም፤ ይህንንም አውቃለሁ። ግን ሰው ነኝ፣ ልቤ አንድ ደህና ቃል ይጠብቅ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ሁለት ሰዎች ወደ በሩ መጡ። ዓወል ነው፤ አብዱልሀሚድን ክንዱን ይዞ ይመራዋል። የሽማግሌው ዓይን ደክሞ ሐኪም ቤት አምጥቶት ነው። ብድግ አልኩ። የማደርገው ጠፋኝ፤ ወንበሬን ለሽማግሌው ሰጠሁት።

ዓወል ዓይን ዓይኔን ሳያየኝ "ጣሰው አለ?" አለ።

"ጎንደር ተዛውሯል።"

አብዱልሀሚድ ድምፄን አላወቀውም። "አይ፣ ሳናገኘው!" አለ እጁን ወደ እኔ እየዘረጋ። "ዘንድሮ ያ ሁሉ ጎርፍ መጥቶ መንገዱ አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ያን ቱቦ ያስተኛልን ሰው አላህ ዕድሜ ይስጠው፣ ብቻውን አያድርገው በልልኝ። ታገኘዋለህ?"

ዓወልን አየሁት። መሬት መሬት ያያል እንጂ ስሜን አልነገረውም።

"አገኘዋለሁ" አልኩ። የሽማግሌውን እጅ በሁለት እጄ ያዝኩት፤ ይሞቅ ነበር። ጣሰውን ከዚያ በኋላ አግኝቼው አላውቅም። ምርቃቱን አላደረስኩለትም፤ ለራሴ አስቀረሁት።