የግራው ጆይንት

«እርገጪው! በደንብ እርገጪው!» አለ ረፊቅ፣ የፊት ጎማው አጠገብ እንደተንበረከከ።

ዙልፋ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፍሬኑን በሁለት እግሯ ረገጠችው። ረፊቅ ቁልፉ ጫፍ ላይ አንድ ሜትር የሚሆን የውሃ ቧንቧ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ጎማው መሐል ያለው ትልቁ ዳዶ ጮኸና ተላቀቀ።

«ካላስ!» አለ ላቡን በክንዱ እየጠረገ። «ውረጂ።»

ወረደች። መኪናው ከኡጋንዳ የገባ ኖህ የሚባል ሚኒባስ ነው፤ መሪው በቀኝ ነው። ረፊቅ የሚፈታውም የቀኙን ጎማ ነው። ዙልፋን ግራ ያጋባትም ይኸው ነበር።

ጠዋት ግቢው ውስጥ መሪውን ጠምዝዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያንቀሳቅሰው እሷ ውጭ ቆማ ሰምታለች። ቋ ቋ ቋ የሚለው የግራው ጎማ ነው። በግራ መስኮት በኩል ተጠግታም «የግራው ነው» ብላዋለች። አልመለሰላትም። ወርዶ ክሪኩን ተሸከመና ወደ ቀኝ ሄደ።

አለመመለሱ አዲስ ነገር አይደለም። ዓመት ሊሞላው ነው። አምና በታኅሣሥ ጁባ ላይ ተኩስ ተከፍቶ የአገራቸው ሰው በአውሮፕላን ሲወጣ ዙልፋ «እንሂድ» አለች፤ ረፊቅ «ሥራዬን ጥዬ የት ልሂድ?» አለ። ተከራከሩ፤ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። አንዳንዴ እንደ ድሮው ይጫወታል። አንዳንዴ ደግሞ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስትለፈልፍ እንደ ግድግዳ ዝም ይላል። መኪና ውስጥ አይመልስላትም። ጎኑ ስትተኛ አይመልስላትም። ቂም ይዟል አለች በልቧ። ቂም እንዲህ ጧት ጠፍቶ ማታ ሲመለስ ግን አይታ አታውቅም።

ባለፈው ማክሰኞ መረራት። ጁባ ታውን ትኬት የምትቆርጠው አምለሰት ዘንድ ሄዳ የሰኞን በረራ አስያዘች። አዲስ አበባ፣ ከዚያ በአውቶቡስ ኮምቦልቻ፣ እህቷ ጣሂራ ቤት። አምለሰት «ቅዳሜ እስከ አሥር ሰዓት ካልመጣሽ ወንበሩን እለቀዋለሁ» ብላታለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው።

ረፊቅም የሰኞ ጉዳይ አለው። የአንድ የውጭ ድርጅት ሠራተኞችን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልሰው በዚሁ ኖህ ነው። ሰኞ የመኪና ምርመራ አለ። የድርጅቱ ቢሮ ሠራተኛ ሒሩት «ይህ ቋቋታ ከተሰማ ኮንትራቱን አያድሱልህም» ስትለው ዙልፋም ቆማ ነበር። ሒሩት ያን ዕለት ለዙልፋ ለብቻዋ ሌላም ነገር አለቻት። «ባልሽ ኮርቷል ልበል? ጎኑ ተቀምጬ ሳወራው ዘወር ብሎ እንኳ አያየኝም።»

ጎማው ወጣ። ረፊቅ የታችኛውን ክንድ ብሎኖች ፈትቶ የጎማውን መያዣ ወደ ውጭ ሳበው። ዘንጉ፣ ጎማውን ከሚያዞረው የጫፉ መጋጠሚያ ከጆይንቱ ጋር፣ በጥቁር ግራሶ ተለውሶ ወጣ። ጎረቤት ያለው ጀኔሬተር ከጧት ጀምሮ ያጉረመርማል። ረፊቅ ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ ጆይንቱን የሚሸፍነውን ላስቲክ ያሰረውን ፋሼታ መቁረጥ ጀመረ። ዙልፋ በግራው በኩል ቁጢጥ ብላ የዘንጉን ጫፍ ያዘችለት።

ከማክሰኞ ጀምሮ ስታሰላስለው የቆየችውን ነገር ያን ጊዜ ተናገረችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ዘንጉን እያየች ነበር።

«ረፊቅ፣ ሰኞ ልሄድ ነው። ጣሂራ ዘንድ። ተጣልቼ አይደለም፤ ደክሞኝ ነው። ልሄድ ነው።»

ረፊቅ መዶሻውን አነሳ። ጆይንቱን አንድ ጊዜ መታው፤ ደገመው። በሦስተኛው ከዘንጉ ወልቆ መሬት ላይ ወደቀ።

«መጣ!» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

ዙልፋ ጠበቀች። ረፊቅ የዘንጉን ጥርሶች በጨርቅ ወለወለ፣ አየና እንደገና ወለወለ።

«ካቻቢቴውን አቀብዪኝ።»

አቀበለችው። እንግዲህ ይኸው ነው አለች በልቧ። ሚስቱ ልሄድ ነው ስትለው ካቻቢቴ የሚጠይቅ ሰው ዘንድ ምን ቀረኝ?

እጇ ሥራ እንዲይዝ ብላ የወደቀውን ጆይንት አነሳችና በጨርቅ ጠረገችው። ወዲህ ወዲያ አዞረችው። ጥብቅ ያለ ነው፤ ንቅንቅ የለውም።

«ይህ ደግሞ ምን ሆነ?» አለች ፊት ለፊቱ መጥታ። «ያለቀ ዕቃ እንዲህ ይጠብቃል?»

ረፊቅ ተቀብሏት አገላበጠው። ግንባሩ ተቋጠረ። «ይገርማል፤ ደህና ይመስላል።»

«ታዲያ?»

«ውስጥ ውስጡን ይሆናል የተበላው።» አባባሉ ግን እርግጠኛ የሆነ ሰው አባባል አልነበረም።

የገዙትን አዲሱን ጆይንት በግራሶ ሞልተው መትተው አስገቡት። ላስቲኩን አሰሩ፣ ዘንጉን መለሱ፣ ብሎኑን አጠበቁ። ሲጨርሱ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። ረፊቅ «ቢስሚላህ» ብሎ ሞተሩን አስነሣ፤ ዙልፋ በግራ ተቀመጠች። የውሃ ቦቴዎቹ ከሚቆሙበት ሜዳ ደርሰው መሪውን ጠመዘዘው።

ቋ ቋ ቋ ቋ።

«ምንድን ነው ይሄ?» ጮኸ ረፊቅ። «አዲስ ነው እኮ! እዚሁ ቀኝ ነው አሁንም!»

«እኔ እግር ሥር ነው!»

ረፊቅ የቀኙን መስኮት ከፈተና አንገቱን ወደ ውጭ አስግጎ አዳመጠ። ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ። በሁለቱም ቋ ቋ ይላል። የሰፈሩ የቦዳ ነጂዎች ሞተራቸው ላይ እንደተቀመጡ ይስቁበታል።

«ወላሂ ግራ ገባኝ» አለ ሲመለሱ።

ግቢ እንደገቡ ደግሞ የቀኙ ጎማ ሥር ተጋደመ። ስልኩን የጎማው መከለያ ላይ አስቀምጦት ነበር፤ ጮኸ። ረፊቅ ብድግ አለ። የቀኝ ኪሱን ዳበሰ። ቀኙ በኩል መሬቱን ቃኘ። ወደ አጥሩ ሁለት እርምጃ ሄደ። ስልኩ ከግራ ትከሻው አንድ ክንድ ርቀት ላይ እየበራ ይንቀጠቀጣል። እሱ እየራቀው ሄደ። ዙልፋ ቆማ አየችው። ከዚያ ስልኩን አነሳችው።

የደወለው ጁባ ታውን መለዋወጫ የሚሸጠው ሸረፈዲን ነው።

«ገጠማችሁ?»

«ገጠምን፤ አሁንም ያው ነው።»

«የትኛውን ነው የቀየረው?»

«የቀኙን።»

«ይህ ሰውዬ ጆሮ የለውም እንዴ?» አለ ሸረፈዲን። «ትናንት ሱቄ በር ላይ ሲያዞር ሰምቼ፣ በግራ መስኮት አንገቴን አስገብቼ የግራው ነው አላልኩትም?»

«ምን አለህ?»

«ምን ይለኛል፤ ዝም። እንደ ሚኒስትር ቀጥ ብሎ እያየ ነዳ። በይ፣ ሌላ አንድ አለኝ፤ በቦዳ እልክላችኋለሁ። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

ዙልፋ ስልኩን ዘጋች። ረፊቅ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። በግራው በኩል ተጠጋች።

«ረፊቅ» አለች። አልዞረም።

«አንተ ደንቆሮ» አለች፤ ለስድብ የጀመረችው ቃል አፏ ላይ ቀረ።

ግራ ጆሮው አጠገብ ጣቷን አንዴ፣ ሁለቴ አጮኸች። ረፊቅ ጥላዋን አይቶ ዞረ። የተነሣ እጇን አየ። ቶሎ ገባው። ዓይኑን ወደ በሩ አሸሸ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተኩሱ ጊዜ። በሩን በግራ ትከሻዬ ይዤው አልነበር? ያ ትልቁ ቦምብ ሲፈነዳ። ከዚያ ወዲህ ግራ ጆሮዬ ማፏጨት ብቻ ነው የሚያውቀው።»

«ዓመት ሙሉ?»

«ሾፌር ነኝ፣ ዙልፋ። ቢሮው ከሰማ ማን መሪ ያስይዘኛል? ላንቺ ብነግርሽ ደግሞ፣ ያኔ እንሂድ ብዬህ ነበር ትያለሽ።»

«እላለሁ እንዴ?»

«ትያለሽ።»

«እላለሁ» አለች ዙልፋ።

«ሁሉ ነገር በቀኝ ነው የሚመጣልኝ» አለ። «መኪናውም፣ ሰውም፣ አዛኑም። እኔ ከየት ልወቅ?» መዶሻውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። «ቅድም ፋሼታውን ስቆርጥ ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ ጠርዝ አይቻለሁ። ስታቀረቅሪ፣ የምትሰድቢኝ መሰለኝና ተውኩት። ምን ነበር ያልሽኝ?»

ዙልፋ ሰዓቷን አየች። ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ነው። በቦዳ ብትሄድ አምለሰት ዘንድ በአሥር ደቂቃ ትደርሳለች። የጎረቤቱ ጀኔሬተር አሁንም ያጉረመርማል። ረፊቅ ጎማው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ አንገቱን አዘንብሎ መልሷን ይጠብቃል። እሷ አሁንም በግራው ቆማለች።

በጀርባው በኩል ዞረች። በቀኙ መጥታ ጎኑ ተቀመጠች።

«ሰኞ ልሄድ ነበር» አለችው። «አሁን ክሪኩን ወደ ግራው ጎማ ውሰደው።»