ለሳንቲሟ ማን ይጎንብስ?

ሞሪስ ያን እሁድ ማለዳ ከጓደኛው ከኔቪል ቀድሞ ማሳው ላይ የደረሰው ሊሰጥ እንጂ ሊሰርቅ አልነበረም። አኳኋኑ ግን የሌባ ነው። ከአጥሩ ቁጥቋጦ ሥር ተንበርክኮ ግራ ቀኙን እያየ፣ ጉልበቱን እየረገመ፣ በትንሿ አካፋው ጭቃውን ይቆፍራል።

ከኪሱ ያወጣት የብር ሳንቲም በዕድሜው ሙሉ ያገኛት ብቸኛ ጥንታዊ ገንዘብ ናት። ጥፍር የምታህል፣ በመዶሻ የተመታች፣ በአንድ ፊቷ ጸጉሩ የተጠቀለለ ንጉሥ፣ በሌላው መስቀል ያለባት። ከመቅበሩ በፊት ጭቃ ለወሳት። መሬት ሳንቲም አጥባ አትሰጥም፤ ብታብረቀርቅ ኔቪል ወዲያው ይነቃል። ጉድጓዱን ደፈነ፣ ለምልክት ነጭ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ከዚያ ለመነሳት ሁለት ጊዜ ሞክሮ በሦስተኛው ተሳካለት።

ባለማሳው ሚስተር ተነርድ አዝመራው ከተነሳ በኋላ ጥንታዊ ገንዘብ እንዲፈልጉ ከፈቀደላቸው ሃያ ዓመት አልፏል። ሞሪስ መሐሉን፣ ኔቪል የአጥሩን ጥግ ተከፋፍለው ብረት በሚያገኘው መሣሪያቸው ያንኑ የእንግሊዝ አገር የሊንከንሻየር ጭቃ ሲያስሱ አረጁ። ያገኙትም ያው ነው፤ የኮት ቁልፍ፣ የጥይት ቀለህ፣ የፈረስ ጫማ ምስማር፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የቢራ ቆርቆሮ ክዳን። ኔቪል አንድም ጥንታዊ ብር አላገኘም። አሁን ደግሞ ደረጃ መውጣት ስላቃተው ሴት ልጁ በሚቀጥለው ሳምንት ሃል ከተማ ወዳለው ቤቷ ልትወስደው ነው። ሰው ሃያ ዓመት ተመላልሶ ባዶ እጁን ይሂድ? ሞሪስ ሳንቲሟን በኔቪል ጥግ የቀበረው ለዚህ ነው።

ኔቪል መጣ። ዝናቡንና ወገቡን አማ፣ መሣሪያው ብረት ሲያገኝ የሚጮኽበትን ማዳመጫ ጆሮው ላይ ደፋና በአጥሩ ጥግ አዘገመ። በዘንጉ ጫፍ ያለውን የመሣሪያውን ክብ ሳህን መሬት ለመሬት እያወዛወዘ ይሄዳል፤ ሞሪስ የሚፈልግ መስሎ በዓይኑ ይከተለዋል። ሳህኑ ነጩ ድንጋይ ጋ ደረሰ፣ በላዩ አለፈ። ኔቪልም አብሮ አለፈ።

ጠልቃ ተቀብራ ይሆን? ሲመለስ ድምጿ ይሰማው ይሆናል ብሎ ሞሪስ ጠበቀ። ኔቪል ተመልሶ መጣ፣ ሳህኑን እዚያው ላይ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አመላለሰ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያያት ሄደ። ሞሪስ አላስችል አለው። ትልሙን እየረገጠ ሄዶ ቀረብ ቢል የመሣሪያው ስክሪን ጨልሟል።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ነገር እኮ ጠፍቷል» አለው።

ኔቪል ማዳመጫውን አወረደ። «አውቃለሁ።»

«ትርፍ የባትሪ ድንጋይ ይዣለሁ፤ እንካ።»

«ባትሪስ አለው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።» ኔቪል ጭቃው ላይ አፈጠጠ። «ከጮኸ መቆፈር ነው። መቆፈር ደግሞ መጎንበስ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንዲት የቢራ ክዳን ተንበርክኬ፣ የአጥሩን እሾህ ጨብጬ ነው የተነሳሁት። አንተ መሐል ላይ ነበርክ፤ ልጠራህ አፈርኩ። ከዚያ ወዲያ አላበራሁትም።»

«ታዲያ በየእሁዱ ምን ልትሠራ ትመጣለህ?»

«አንተ ትመጣ የለ?»

ሞሪስ ዓመት ሙሉ አንድ ማሳ ላይ አብሮት ውሎ አላየም፤ ይህ አሳፈረው። ከዚያም ነጩን ድንጋይ እያሳየ ነገሩን ሁሉ፣ ጭቃ መለወሱን ሳይቀር ነገረው።

ኔቪል ነጩን ድንጋይ አየ። «ያችን ብር? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለ። «ሞኝ ሽማግሌ። በል አሁን ቆፍረህ አውጣት።»

ሞሪስ መሬቱን አየ። ከኔቪል በዕድሜ ቢያንስም ጉልበቱ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው፤ ያለችውን አቅም ማለዳ ጨርሷታል።

«ማን ይጎንብስ?» አለ።

ተያዩ። ኔቪል ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉም እስኪበርድ ሞሪስ ክንዱን ይዞ ቆመ። ከሁለቱ የሚጎነብስ ጠፋ።

ያኔ ሞሪስ የራሱን ማዳመጫ አውልቆ በጓደኛው ጆሮ ላይ አደረገለት። የገዛ መሣሪያውን ሳህን ዝቅ አድርጎ በነጩ ድንጋይ ጎን ቀስ ብሎ አሳለፈ። እሱ ራሱ ድምፁን አይሰማም፤ የኔቪልን ፊት ብቻ ነው የሚያየው። ኔቪል ዓይኑን ጨፈነ።

«ድገምልኝ» አለ።

ሞሪስ ደገመለት።

«ብር ናት» አለ ኔቪል፣ ጆሮው ስለተደፈነ እየጮኸ። «ሞሪስ፣ ብር ናት!»

ሞሪስ ክንዱ እስኪዝል ድረስ ሳህኑን አመላለሰለት።