አሥራ ስድስተኛው ገጽ

«ሕፃኗስ?» አለ አንዱ ድምፅ።

«ወረቀቱ ሞልቷል፤ ነገ» አለ ሌላው።

ሷሊህ ከዚህ ወዲያ አያስታውስም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ በእርዳታ ጣቢያው ድንኳን ውስጥ ትኩሳት እያቃጠለው ከሸራው ማዶ የሰማው ነው። የማን ሕፃን እንደ ነበረች፣ ነገ የተባለው ነገም ይምጣ ይቅር አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ግን ያቺ ቃል ሳትነቀል እንደ ቀረች እሾህ ውስጡ ተቀምጣለች።

አሁን መካነ ሰላም፣ ከገበያው ዳር ባለችው ባለ አንድ ክፍል ሱቁ ውስጥ ነው። እመት አልታዬ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ዱካ ላይ ተቀምጠው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተውለታል።

«በል፣ ጣቴን አስቀምጥልኝ።»

እስላም ክርስቲያኑ አብሮ የሚቀብርበት እድር፣ ቅሬው፣ በዚያ ድርቅ ያለቁበትን ሰዎች ስም በመጽሐፍ ሊያሳትም ወስኗል። የተየበውም ገጹን ያቀናበረውም ሷሊህ ነው። አስተማሪ አልነበረውም፤ ፕሮግራሙን እያበላሸ እየጠገነ ነው የለመደው። ነገ ማለዳ ሥራው በዲስክ ሆኖ ደሴ ላለው ማተሚያ ቤት ይላካል።

እመት አልታዬ ፊደል አልቆጠሩም። የልጃቸውን ስፍራ ግን በጣታቸው ሊያውቁት መጥተዋል። ልጅቱ ክርስትና ሳትነሣ ስለ ሞተች ስም አልወጣላትም፤ በዝርዝሩ «የአልታዬ ልጅ» ተብላ ነው የገባችው። ሽማግሌዎቹ ሲመክሩ «ስም ያላቸው ይቅደሙ» ስለ ተባባሉ፣ እንደ እሷ ያሉት ከመጨረሻው ገጽ ግርጌ ናቸው።

ሷሊህ ለሙከራ ያተመውን አሥራ ስድስተኛ ገጽ አነሣ። ከላይ እስከ ታች በዓይኑ ወረደ። ደግሞ ወረደ። የእመት አልታዬ እጅ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

«እማማ፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

«አብሽር፤ መኪናው እንደሁ ነገ ነው።»

መተየቡንስ ተይቧታል። መብራት ሁለቴ ጠፍቶበት፣ ሁለቴ እንደ አዲስ መጻፉን አይረሳም። ወደ ስክሪኑ ዞረ። ጽሑፉ ከሚፈስበት ሳጥን ግርጌ ትንሽ ቀይ ምልክት አለች። ትናንትም አይቷት ነበር፤ ችላ አላት። ትናንት ሽማግሌዎቹ መጥተው ወረቀቱን ሲያርቁ ሲያቀርቡ ቆይተው፣ «ይኼ ፊደል ነው ጉንዳን?» ብለው ስቀውበታል። እሱም ፊደሉን አተለቀላቸው። ገጹን ቢቆጥር ያው አሥራ ስድስት ሆኖ አገኘው፤ አልሐምዱሊላህ ብሎ ተነሣ። ሳጥኑ ግን የተረፈውን ነገር እንደ ሞላ ጎተራ ወደ ውጭ አያፈስም። ከሥር ይሸሽገዋል፤ የቀይዋን ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ካልሆነ በቀር ማንም አያይም።

ቢስሚላህ ብሎ የሳጥኑን ጠርዝ ወደ ታች ጎተተ። ስሞቹ ከወረቀቱ ድንበር ውጭ፣ ባዶው ላይ፣ ተራ በተራ ብቅ አሉ። ዐሥራ አንድ። የመጨረሻዋ የአልታዬ ልጅ ናት።

በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ክፍተት አጠበበ፤ አራቱ ገቡ። ሲደግመው የላይኛው ፊደል እግር የታችኛውን ራስ ረገጠ። ፊደሉን መልሶ እንዳያሳንስ፣ ሽማግሌዎቹ በምን ዓይናቸው ሊያነቡት? ገጽ እንዳይጨምር፣ ማተሚያ ቤቱ አንድ ትልቅ ወረቀት አጥፎ አሥራ ስድስት ገጽ ነው የሚያወጣው፤ አሥራ ሰባተኛ የሚባል የለም። የቀረው ሦስተኛው ገጽ ብቻ ነው። የላይኛው ግማሽ የወረዳው መልእክት፣ የታችኛው ግማሽ የቅሬው ዳኛ የጋሽ አምባቸው መልእክት ከነፎቶው።

ጋሽ አምባቸው ራሳቸው ፎቶውን ሊያዩ ሲገቡ ይህንኑ እያሰበ ነበር።

«ሷሊህ፣ አጠቆርከኝ እኮ።»

«ድሮስ መቼ ቀይ ነበርክና?» አሉ እመት አልታዬ።

ሷሊህ አልሳቀም። «ጋሼ፣ ዐሥራ አንድ ሰው ውጭ ቀርቷል» አለና በስክሪኑ ላይ አሳያቸው።

ጋሽ አምባቸው መነጽራቸውን አውጥተው ጎንበስ አሉ። «የወረዳውን መልእክት...» ብለው ጀመሩና ወዲያው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አይ፣ እሱን አትንካ። ጥያቄ ያመጣል።»

የሷሊህ ዓይን ከፎቶው አልተነሣም። ሽማግሌው በዓይናቸው ተከተሉት።

«የኔን ነው የምትለው? አዲስ አበባ ያሉት ልጆቼ እየጠበቁት?» ቀና አሉ። «ወረቀቱ ከሞላ ምን ይደረጋል፤ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ እንጂ።»

ሷሊህ ማውሱን ለቀቀ፤ ከሸራው ማዶ የሰማት ቃል ናት። ጋሽ አምባቸው ስድስተኛ ክፍል የጨረሱ በመሆናቸው ጣቢያው ላይ ጸሐፊ እንደ ነበሩ አገር ያውቃል። ይኸው ድምፅ ነበር? ድንኳኑ ብዙ፣ ጸሐፊውም ብዙ ነበር። በትኩሳት የሰማ ጆሮ በሰው ላይ ምስክር ይሆናል? አስተግፊሩላህ አለ በልቡ። ቢሆንም አፉ አላስችል አለው።

«ያኔ ጣቢያው ላይ ይጽፉ ነበር አይደል፣ ጋሼ?»

ጋሽ አምባቸው መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። ጠርገው ጨርሰውም አላደረጉትም።

«እጽፍ ነበር» አሉ። «በቀን አንድ ወረቀት ነበር የሚሰጡን።»

ውጭ አንድ አህያ ነጂ እያፏጨ አለፈ።

«አውጣው» አሉ ጋሽ አምባቸው።

ሷሊህ የመስመሩን ክፍተት እንደ ነበረው መለሰ፤ ከዚያ ፎቶውንና መልእክቱን አነሣ። ዝርዝሩን ከሦስተኛው ገጽ ግማሽ ጀምሮ ለቀቀው። ስሞቹ ከገጽ ወደ ገጽ እየተገፋፉ ወደ ፊት ተጠጉ፤ ቀይዋ ምልክት ጠፋች። አሥራ ስድስተኛውን ገጽ አተመና ገና ትኩስ እንዳለ የእመት አልታዬን ጣት ይዞ የመጨረሻው መስመር ላይ አስቀመጠው።

«እዚህ ናት?»

«እዚህ ናት።»

ጣታቸውን አላነሡም።

ሷሊህ ሥራውን በዲስክ ገለበጠ። የፊደሉንም ፋይል አብሮ ከተተ፤ ባለፈው ያንን ረስቶ ደሴ ላይ ፊደሉ በሙሉ ባዶ አራት ማዕዘን ሆኖ ወጥቷል። እንደ ልማዱ ለአውቶቡሱ ረዳት ሊሰጠው ፖስታ ሲፈልግ ግን ልቡ አመነታ።

«እዚያ ማሽን ላይ አንድ መስመር ፈቀቅ ካለ፣ የዝርዝሩ ጭራ ተመልሶ ይቆረጣል» አለ። «ከመታተሙ በፊት ስሞቹን የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። እኔ ልሂድ።»

«አምባቸው ይሂድ» አሉ እመት አልታዬ፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይሉ።

«በዚህ ጉልበቴ? ያንን መንገድ?»

ጋሽ አምባቸው ከወረቀቱ ያልተነሣውን የእመት አልታዬን ጣት አዩ፤ ከዚያ ፎቶአቸው የነበረበትን ስክሪን አዩ።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት መቶ ዘጠና ሰባት።»

ዲስኩን ተቀብለው በመሐረብ ጠቀለሉና ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከላዩ መዳፋቸውን ጫኑበት።

«እሺ፣ እቆጥራቸዋለሁ» አሉ። «ነገ።»